በ50 እና በ60 መካከል

*ከባሕር ማዶ ተልኮ በመንገድ የተጎዳ የሸክላ ማጫወቻ ምን ምኑ ይታያል? ምኑስ ይሻሻላል?*

ካርቶኑ ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ስብራት አብዛኛውን ጊዜ ቀላሉ ነው። የአቧራ መከላከያው ክዳን ለሁለት ተሰንጥቋል። ከማጠፊያዎቹ አንዱ ተነቅሎ ከፎጣው ጋር ተጠቅልሏል፤ የእንጨቱ ማዕዘን ተፈልጧል። ባለቤቷ ይህን አይታ ፊቷ ይጠቁራል። ጠጋኙ ግን ክዳኑን ወደ ጎን ያደርግና ሳህኑን በሁለት ጣቱ ወደ ላይና ወደ ታች ይነካካል፤ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ቀና ሲል የሚጠይቀው ስለ ክዳኑ አይደለም።

«ልጄ፣ ሲታሸግ ሳህኑ ወጥቶ ነበር ወይስ እላዩ ላይ እንዳለ ነው የመጣው?»

«እንዳለ ነው፣ ጋሼ።»

ቦታው መርካቶ ዳር ያለ ጠባብ የራዲዮና የቴፕ ጥገና ቤት ነው። መደርደሪያው ላይ ክዳናቸው የተከፈተ ቴፖች፣ የኋላ ሽፋናቸው የወለቀ ቴሌቪዥኖች፣ ከአሮጌ ዕቃ የተፈቱ ትራንስፎርመሮች ተደራርበዋል። ጠረጴዛው ላይ ያረፈው ቶረንስ ቲዲ 160 ነው። ስሙ የስዊዘርላንድ፣ ፋብሪካው የጀርመን፤ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1972። ይህኛው ዕድሜውን አሜሪካ አሳልፎ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ተገዝቶ፣ በልብስ ተጠቅልሎ መጥቷል። ባለቤቷ አባቷ የተዉላትን ሸክላዎች በፌስታል ይዛለች።

የሸክላ ዘመናችንን ብዙዎቻችን በከፊል እናውቀዋለን። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን አገር ድምፃቸውን ማስቀረጻቸውን ሰምተናል። ሸክላ የማሳተሙ መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ አምሃ እሸቴ ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን አሳታሚ ማቋቋሙን፣ የመጀመሪያዎቹንም ሕንድ አገር ማሳተሙን፣ ካይፋ የተባለው አሳታሚ ተከትሎ መምጣቱን፣ ከዚያ ካሴት ገበያውን መውረሱን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች ያንን ሙዚቃ ለዓለም ሲያሰማ ኩራታችን ታደሰ። ነገር ግን ያ ሁሉ ሙዚቃ በሲዲ አልወጣም። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የቀሩ ሸክላዎች አሉ። እነሱን ያለጉዳት የሚያጫውት መሣሪያ የት ይገኛል የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ሰው ካርቶን ከፍቶ እስኪደነግጥ ድረስ አይነሳም።

በሞላ ላይ የተንጠለጠለ

ይህ ማጫወቻ በሁለት ይከፈላል። ሞተሩና ማብሪያው ከእንጨቱ ሣጥን ጋር ከተያያዘው የላይ ብረት ጋር ናቸው። ሳህኑንና ክንዱን የተሸከመው ሌላው ብረት ግን በሦስት ሞላዎች ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ሁለቱን የሚያገናኝ ስስ የጎማ ቺንጊያ ብቻ ነው። የሞተሩ ንዝረትና የሰው እግር ኮቴ መርፌው ጋ እንዳይደርስ ታስቦ የተሠራ ድንቅ ዘዴ ነው።

ጠረጴዛ ላይ የሚጠቅመው ይህ ዘዴ መንገድ ላይ ጠላት ይሆናል። ሳህኑ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ካርቶኑ በተወረወረ ቁጥር ሳህኑ በሞላዎቹ ላይ ይዘላል፤ የሳህኑ ዘንግ ኩሽኔታው ውስጥ እንደ ዘነዘና ይወቅጣል። ሞላዎቹ ከመቀመጫቸው ያፈተልካሉ። ሳህኑ ተስፈንጥሮ ክንዱን ከመታ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ ክንዱ የሚዞርባቸው ሾጣጣ ጫፎች እጅግ ጥቃቅን ናቸው፣ አንድ ምት መቀመጫቸውን ያጎደጉደዋል። ከክንዱ ኋላ ያለው ሚዛን ጠባቂ ክብደትም ካልተፈታ በራሱ ክብደት የተያያዘበትን ጎማ ይበጥሳል ወይም ያጎብጣል።

ስለዚህ ጠጋኙ ስፒናውን አይሰካም። ሳህኑን አውጥቶ፣ ማሽኑን ገልብጦ፣ የሥሩን ሰሌዳ ብሎኖች በካቻቢቴ ይፈታል። ከሞላዎቹ አንዱ ጎኑ ላይ ተጋድሟል። እሱን ወደ ቦታው መመለስ ጊዜ አይወስድም። ጊዜ የሚወስደው ከዚያ በኋላ ሦስቱን ማስማማት ነው፤ መሐሉን በጣት ጫን አድርገው ሲለቁት ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ መዋለል አለበት። ወደ ጎን ከተንገዋለለ ሳህኑ ዘሞ ይዞራል፣ ቺንጊያውም ይንሸራተታል። መጀመሪያ ግን ማሽኑ ራሱ በውሃ ልክ ተስተካክሎ መቀመጡ ይረጋገጣል።

የክንዱ ምርመራ ዝምታ ይፈልጋል። የኋላው ክብደት ተስተካክሎ ክንዱ በአየር ላይ እንዲንሳፈፍ ይደረጋል፤ ክንዱን ወደ ውጭ የሚስበው ማስተካከያ ዜሮ ላይ ይሆናል። ከዚያ እፍ ይባላል። ጤነኛ ክንድ ቀስ ብሎ ይሄድና ቀስ ብሎ ይቆማል። የተጎዳ ክንድ አንድ ቦታ ሲደርስ ይይዘዋል፤ የሚይዝበት ቦታ ሁልጊዜ ያው ከሆነ ጫፉ ወይም መቀመጫው ተጎድቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ክንድ ይዞ ካርትሪጅ፣ ማለትም ክንዱ ራስ ላይ ያለውን መርፌ ያዥ፣ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ክንዱ ራሱ መለወጥ አለበት።

> እፍ ሲሉት ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚይዝ ክንድ ላይ አዲስ መርፌ አይታሰርም።

ኩሽኔታው ዕድለኛ ነበር። ዘንጉ ወጥቶ፣ የጠቆረው የድሮ ዘይት ተጠርጎ፣ የሥሩ ማረፊያ በመብራት ታይቶ፣ ጥቂት ጠብታ ቀጭን ንጹሕ ዘይት ገባበት። ማብሪያው ላይ ያለው ትንሽ ካፓሲተር ግን ሰውነቱ ተሰነጣጥቋል። ይህ የመንገድ ሳይሆን የዕድሜ ጉዳት ነው። በዚያ ዘመን ዕቃዎች ላይ የተለመደ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ሊጨስ ስለሚችል ሳይፈነዳ ይቀየራል።

ኮንቨርተር የማይፈታው ነገር

«ኮንቨርተር ገዝቻለሁ» አለች ባለቤቷ። ከ220 ቮልት ወደ 110 የሚቀንሰውን ትራንስፎርመር ማለቷ ነው። ከአሜሪካ ዕቃ ያመጣ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያለ እሱ የተሰካ ስንት ነገር ተቃጥሏል። ሞተሩ በትራንስፎርመሩ በኩል ተነሳ፣ አልጮኸም፣ አልሞቀም። ሸክላ ተቀመጠበት። ዘፈኑ ረጋ ብሎ፣ ወፈር ባለ ድምፅ መጣ። ደስ ይላል። ስህተት ነው።

የአሜሪካ መብራት በሁለት ነገር ከእኛ ይለያል፤ በቮልቴጅና በድግግሞሽ። የእነሱ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የእኛ 50። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ይለውጣል እንጂ ድግግሞሹን አይነካም። የዚህ ማጫወቻ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከድግግሞሹ ብቻ ነው። በ60 ሄርዝ በደቂቃ 450 ጊዜ ይዞራል፣ በ50 ሄርዝ 375 ጊዜ። ስለዚህ በደቂቃ 33⅓ መዞር የነበረበት ሸክላ 27.8 ገደማ ይዞራል፤ 45 መዞር የነበረበት ነጠላ ሸክላ 37.5 ይዞራል። የሦስት ደቂቃ ዘፈን 3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይሆናል። ድምፁም አንድ ተኩል ድምፅ ያህል ይወርዳል፤ ቀጭን ድምፅ ያለው ዘፋኝ ጎርናና ይሆናል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ስህተት የሚደበቅ መሆኑ ነው። ሁሉም ነገር በእኩል መጠን ስለሚወርድ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት አይዛባም፤ ትዝታው ትዝታ፣ አምባሰሉ አምባሰል ሆኖ ይቀራል። ክራርና ማሲንቆ ደግሞ በዘፋኙ ድምፅ ልክ የሚቃኙ በመሆናቸው ዝቅ ማለታቸው ጆሮ አይከረክርም። ዘፈኑን ከዚህ በፊት በትክክለኛው ፍጥነት ያልሰማ ሰው ምን ምልክት ይኖረዋል? አንድ ወጣት ሸክላ ሰብሳቢ በእንዲህ ያለ ማሽን ለረዥም ጊዜ ሲያዳምጥ ኖሮ፣ ያንኑ ዘፈን ሌላ ቤት ሲሰማ የተፋጠነ መስሎት እንደነበር ይናገራል። ስህተቱን ቶሎ የሚይዙት ነፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ናቸው። ሳክስፎን ሊደርስበት ከማይችል ዝቅታ ሲመጣ ያውቁታል።

ሰዎች ፍጥነት ለመለካት ሳህኑ ላይ የሚያስቀምጡት ባለ መስመር ወረቀት አለ። መብራት ብልጭ ድርግም ስለሚል መስመሮቹ የቆሙ ሲመስሉ ፍጥነቱ ትክክል ነው ይባላል። ለ60 ሄርዝ አገር የታተመው ወረቀት ለ33⅓ 216 መስመር አለው፤ ለእኛ የሚሆነው 180። ከማሽኑ ጋር ከአሜሪካ የመጣውን ባለ 216 መስመር ወረቀት አዲስ አበባ አምፖል ሥር ያደረገ ሰው መስመሮቹ ቀጥ ብለው ቆመው ያያቸዋል፤ ሳህኑ ግን 27.8 ነው የሚዞረው። ሞተሩም አምፖሉም አንድ መስመር ላይ ስለሆኑ እኩል ዘግይተው ይመሰክሩለታል።

> መለኪያው «ትክክል ነው» እያለ ዘፋኙ በሌላ ሰው ድምፅ ይዘፍናል።

ከወረቀቱ የሚሻል፣ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ መንገድ አለ። ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፎ መቁጠር ነው። በ33⅓ ፍጥነት በ3 ደቂቃ ውስጥ ልክ 100 ዙር ይሞላል። የአሜሪካው ማሽን እኛ አገር 83 ላይ ይቀራል። መርፌው ሸክላ ላይ አርፎ መቆጠር አለበት፤ የመርፌውም ግጭት ሸክም ነውና።

ጉዳዩ የአሜሪካ ብቻም አይደለም። ከካናዳና ከሳውዲ የሚመጣው ማሽን የ60 ሄርዝ ሊሆን ይችላል። ከጀርመን፣ ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከእስራኤልና ከዱባይ የሚመጣው ከእኛው ጋር አንድ ነው፣ ተሰክቶ ይሠራል። ጃፓን ውስጥ ሁለቱም ድግግሞሽ አለ፣ ቮልቴጁም 100 ነው። ቀጥታ በሞተር የሚዞሩት፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 ኤምኬ2፣ ፍጥነታቸውን በውስጣቸው ባለ ኤሌክትሮኒክስ ስለሚቆጣጠሩ 50 ሆነ 60 አይገዳቸውም፤ ቮልቴጁ ብቻ ይስተካከልላቸው። መብራት ሲጠፋ በትንሽ ጄነሬተር ለሚጠቀም ቤትም እነሱ ይሻላሉ። የጄነሬተር ድግግሞሽ እንደ ሸክሙ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ እንደ ቶረንሱ ባለ ማሽን ላይ ዘፈኑ አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል።

ቶርኖ ቤት

መፍትሔው ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ፑሌጃ ናት። ለ60 ሄርዝ የተሠራችው ቀጭን ናት፣ ለ50 የተሠራችው ወፈር ትላለች። ፋብሪካው ሁለቱንም ያመርት ነበርና የ50ዋ አውሮፓ ውስጥ ትገኛለች። ጠጋኞች ግን ሌላ መንገድም ያውቃሉ፤ ቶርኖ ቤት ሄዶ ከናስ ማስቀረጽ። ሦስተኛው መንገድ 60 ሄርዝ ራሱ የሚያመነጭ የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን መግዛት ነው። ይህ ጥሩ ነው፤ ከመብራት ኃይሉ መዋዠቅም ይገላግላል። ዋጋው ግን አንዳንዴ ከማሽኑ ይበልጣል።

ከቶርኖ ቤቱ ሥራ ሁለት ነገር ይጠበቃል። የመጀመሪያው ስሌት ነው። ብዙ ሰው የድሮዋን ፑሌጃ ስፋት በ1.2 አባዝቶ ያስቀርጻል፤ ማሽኑ ግን ጥቂት ዘገም ይላል። ቺንጊያው ፑሌጃዋ ላይ ሲጠመጠም የራሱ ውፍረት ስለሚደመር፣ መባዛት ያለበት ከቺንጊያው ጋር ያለው ስፋት ነው። ሁለተኛው የቀዳዳው መሐል መሆን ነው። ቀዳዳው ከመሐል ትንሽ እንኳ ፈቀቅ ካለ፣ ሞተሩ በሰከንድ ከ6 ጊዜ በላይ ስለሚዞር፣ ያን ያህል ጊዜ ፍጥነቱ ይንቀጠቀጣል። የተራዘመ የኦርጋን ድምፅ ላይ ይሰማል፤ ዘፋኙ ያላለው ርግብግቢት ይጨመርበታል።

የቶርኖ ባለሙያዎች ይህን ያህል ጥራት ለዚህች ብናኝ ዕቃ መጠየቁ መጀመሪያ ያስገርማቸዋል። የሚሠሩት የመኪና ዕቃ ነው፤ እዚያ ትንሽ ልዩነት ይቻላል። አንዱ ግን ቀዳዳውንና ውጪውን ሳይፈታ በአንድ ጊዜ ከቀረጸው መሐሉ እንደማይስት አስረዳ። የሚያውቅ እጅ ያለበት ከተማ ውስጥ ነን፤ መጠየቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ማሻሻል ማለት ምን ማለት ነው?

ማሽኑ ከዳነ በኋላ የባለቤቶች ፍላጎት ይከፈታል። እዚህ ላይ ሰዎች ይለያያሉ። አንዳንድ ሰብሳቢ ከፋብሪካ የወጣበት ብሎን እንኳ እንዳይነካ ይፈልጋል። ክለብ ውስጥ የሚያጫውቱ ወጣቶች በተቃራኒው አሮጌውን ከመጠገን አዲስ መግዛት ይቀላል ይላሉ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ገንዘብ የሚወጣው ሸክላውን ከጉዳት በሚጠብቀው ነገር ላይ ነው፣ ቀጥሎ ፍጥነቱን በሚያስተካክለው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ድምፁን በሚያሳምረው። በወርቅ የተቀባ ሽቦ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ትልቁን ልዩነት የሚያመጡት ርካሾቹ ናቸው። አዲስ ቺንጊያ። በአልኮል የተጠረገ ፑሌጃ። የሥሩን ስስ ሰሌዳ በወፍራም ኮምፖንሳቶ መተካት። ያረጀውን የድምፅ ገመድ በአጭርና ጥሩ በሆነ መለወጥ፤ የመሬት ሽቦውም አምፕሊፋየሩ ላይ ይታሰር፣ ያለዚያ ጉምጉምታ አይጠፋም። የጣውላ ወለል ያላቸው የድሮ ቤቶች ውስጥ ሰው ሲራመድ መርፌው ከዘለለ፣ ግድግዳ ላይ የተመታ መደርደሪያ ከማንኛውም ውድ እግር ይበልጣል።

ብዙ ሰው ማሽኑን በቀጥታ ቴፕ ወይም ስፒከር ላይ ሰክቶ «ድምፁ ቀጠነ» ይላል። ማሽኑ አልተበላሸም። ከካርትሪጅ የሚወጣው ኃይል ጥቂት ሚሊቮልት ነው። ሸክላ ሲቀረጽ ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሁሉም የተስማማበት አንድ ልክ አለ። ያንን መልሶ የሚያስተካክል የፎኖ ማጉያ በመሐል መግባት አለበት። የድሮ አምፕሊፋየሮች ብዙዎቹ «ፎኖ» የሚል ቀዳዳ አላቸው።

መርፌው

ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የመጣን መርፌ ማመን አይገባም። ስንት ሰዓት እንደሠራ ማንም አያውቅም፤ በመንገድ ያልተጣመመ እንኳ ቢሆን ጫፉ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። የተበላ አልማዝ ጠርዝ ያወጣና የሸክላውን ቦይ ይፍቃል። የፋቀው ተመልሶ አይመጣም። የአባትን ሸክላ በዚህ መርፌ ከመስማት አለመስማት ይሻላል።

በድሮ ሙዚቃ ቤቶች የሠሩ አረጋውያን ሸክላ ሲዘል ክንዱ ራስ ላይ ሳንቲም ያስቀምጡ እንደነበር ያስታውሳሉ። ለሥራቸው ይፈጥን ነበር፤ ብዙዎቹ ሸክላዎቻችን ዛሬ ላይ የሚያንኮሻኩሹት ግን በከፊል በዚህ ነው። በዚያ ላይ በሻንጣ የሚያዙት ተንቀሳቃሽ ማጫወቻዎች መርፌያቸውን በከባድ ክብደት ነበር የሚጫኑት። የዛሬ ካርትሪጅ የሚጠይቀው ትንሽ ነው። ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ 1.8 ግራም፣ ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ 2 ግራም። ይህን ወርቅ ሠሪዎች በሚጠቀሙባት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን መለካት ይቻላል፤ ካርትሪጁ ማግኔት ስላለው የሚዛኗ ወለል ብረት ከሆነ ትሳሳታለችና በላዩ ፕላስቲክ ይነጠፍ። ብዙዎች ሸክላውን ለማዳን ብለው ክብደቱን ከተባለው በታች ያደርጋሉ። ይህ ይጎዳል። የቀለለ መርፌ ቦይ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይመታል።

ለተጎዱ ነጠላ ሸክላዎች ቅርጹም ይታሰብበት። ሞላላ ወይም ከዚያ የረቀቀ ጫፍ ያለው መርፌ የድሮው ክብ መርፌ ካረፈበት ሌላ የቦይ ግድግዳ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ እዚያ ያልተነካ ድምፅ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሁልጊዜ አይሆንም። አንዳንዱን ሸክላ ክቡ ይሻለዋል፤ ስለዚህ አንድ አካል ላይ መርፌ እየተቀያየረ የሚገባበት ካርትሪጅ መግዛት ብልህነት ነው። በደቂቃ 78 ለሚዞሩት የጥንት ሸክላዎች ደግሞ ይህ ማሽን አይሆንም፤ ፍጥነቱም የለውም፣ ቀጭኑ መርፌም ሰፊው ቦይ ሥር ወድቆ ይጎተታል። እነሱ በአልኮልም አይጸዱ፣ የተሠሩበትን ነገር ያሟሟዋል።

ለሚልክ ወንድምና እህት

ቶረንሱ ድኗል፤ ክዳኑ ብቻ በሙጫ የተያያዘ ምልክት ይዞ ይኖራል። ጠጋኙን በእጁ የሚያልፉት ሌሎች ካርቶኖች ግን ያሳዝኑታል፣ ጉዳቱ ሁሉ ማሸግ ላይ የሚቀር ነበርና። ሳህኑ ይውጣ፤ ለብቻው ተጠቅልሎ ከማሽኑ ሥር በጠፍጣፋው ይቀመጥ፣ በላዩ በፍጹም አይሁን። ቺንጊያው ይፈታ። የኋላው ክብደት ከክንዱ ይውጣ፣ ካርትሪጁ ከነመያዣው ተፈትቶ በትንሽ ሣጥን የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ክንዱ ማረፊያው ላይ በለስላሳ ክር ይታሰር፤ የሚያጣብቅ ፕላስተር ቀለሙን ይልጣል። በሞላ በተንጠለጠለ ማሽን ውስጥ ተንጠልጣዩ ብረት እንዳይዋልል ከሥሩ ስፖንጅ ወይም ካርቶን ይወተፍ፤ ማሰሪያ ብሎን ያለው ማሽን ብሎኑ ይጥበቅ። ክዳኑ ለብቻው። ከዚያ ካርቶኑ ሌላ ሰፊ ካርቶን ውስጥ ገብቶ በሁለቱ መካከል በየአቅጣጫው ስፖንጅ ይሞላ።

ከመታሸጉ በፊትም ማሽኑ ጀርባ ወይም ሥሩ ላይ ያለችው የብረት ወይም የወረቀት ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ተነስታ ትላክ። 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ የምትል ከሆነች፣ ካርቶኑ ቦሌ እስኪደርስ አዲሷ ፑሌጃ ቶርኖ ቤት ተቀርጻ ልትቆይ ትችላለች።